ጭስና እሳትን በካሜራ መለየት፦ በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላሉ መጋዘኖችና ግቢዎች ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ጭስ የማይታይበት ጠዋት የለም። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ደነባ፣ መሐል ሜዳ፣ የትም ብትሄዱ ጎህ ሲቀድ ከየቤቱ የኩበትና የባህር ዛፍ ጭስ ይወጣል። ስለዚህ እዚህ አገር ካሜራን ጭስ እንዲያይ ማድረግ ብቻውን ምንም አይፈይድም። የትኛው ጭስ ሰው መቀስቀስ እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ የእንጀራ ጭስ እንደሆነ እንዲለይ ማድረግ አለባችሁ። ሶፍትዌሩን መጫን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ጊዜ የሚወስደው ይሄኛው ነው፣ መመሪያውም አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

የምጽፈው ግቢያቸው ውስጥ ካሜራ ላላቸው ወይም ሊያስገቡ ላሰቡ ሰዎች ነው። የበግ ማድለቢያ ያላችሁ፣ ድርቆሽና ጭድ የምትከምሩ፣ የእህል መጋዘን ወይም ወፍጮ ቤት ያላችሁ፣ ሱፍና ብርድ ልብስ የምታከማቹ። አብዛኛው ሰው ካሜራ የሚገዛው ለሌባ ነው። ያው ካሜራ ለእሳትም ሊያገለግል ይችላል።

ካሜራው የሚችለውና የማይችለው

ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው የተለመደው የጭስ መለያ የሚጮኸው ጭሱ እሱ ጋ ሲደርስ ነው። ጣሪያው ከፍ ባለ መጋዘን ውስጥ ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጣሪያው ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ይንሳፈፋል። ግቢ ውስጥ ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። ካሜራ ግን ጭሱን ከሚነሳበት ቦታ ያየዋል። የአሜሪካው የእሳት ማስጠንቀቂያ ደንብ፣ ኤንኤፍፒኤ 72 የሚባለው፣ በቪዲዮ የሚሠራ መለያን በ2007 እትሙ ተቀብሎታል። ዘዴው የሙከራ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ካሜራ ከክምር ጀርባ አያይም። በጨለማ ጭስ አያይም። ክምር ውስጥ ተዳፍኖ የሚግል ድርቆሽንም አያይም። ስለዚህ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ የተለመደው የጭስ መለያ ይኑር። ካሜራው በእሱ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይደለም።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ግቢውን ዙሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የግቢውን ካርታ በእጃችሁ ንደፉ። በካርታው ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አድርጉ።

የመጀመሪያው ምልክት እሳት ሊነሳ የሚችልበት ቦታ ነው። የድርቆሽ ክምር፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ሳጥን፣ ብየዳ የሚሠራበት ጥግ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ሱፍ የተከመረበት ቤት፣ የወፍጮው ሞተር። የመጋዘን እሳት ብዙ ጊዜ በኮንታክት ይጀምራል፣ ስለዚህ አሮጌ ገመድ ያለበትን ቦታ ሁሉ አትለፉት።

ሁለተኛው ምልክት ሁልጊዜ ጭስ ወይም ጭስ የሚመስል ነገር ያለበት ቦታ ነው። የእናንተና የጎረቤት ማድ ቤት፣ አረቄ የሚወጣበት ጓሮ፣ ዘበኛው ብርድ ሲሆን እሳት የሚያነድበት ቦታ፣ አይሱዙ የሚቆምበት በር። በውርጭ ጠዋት ሞተር ሲነሳ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከእውነተኛው ጭስ በመልክ አይለይም። ከበረቱ የሚነሳው እንፋሎትም እንደዚያው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የአውድማ ብናኝ አለ።

ይህን ካርታ አትጣሉት። በኋላ ሶፍትዌሩ ላይ የምትስሉት እሱኑ ነው።

ሁለተኛ፦ ካሜራውና ሌንሱ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ ግን ቀላል ነው። ጭስ ለመለየት ሶፍትዌሩ ጭሱን በበቂ ፒክስል (ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ማየት አለበት። 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው የተለመደ ካሜራ 30 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያሳያል። ምስሉ 1920 ፒክስል ስፋት ካለው ለአንድ ሜትር 38 ፒክስል ገደማ ይደርሳል። ብዙ የመለያ ሞዴሎች (ጭስን ከምስል ለይተው እንዲያውቁ የሠለጠኑት የሶፍትዌሩ ክፍሎች) ግን ምስሉን ወደ 640 ፒክስል አሳንሰው ነው የሚያዩት። ያኔ ለአንድ ሜትር 13 ፒክስል ያህል ብቻ ይቀራል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጅምር ጭስ በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ሆነ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ሌንሱን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቀይራችሁ ክምሩን አቅርቡት። ወይም ሶፍትዌሩ ምስሉን ቆራርጦ ቁራጭ በቁራጭ የሚያይበት አማራጭ ካለው እሱን አብሩ። ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ያደክማል። እኔ ብመርጥ ሌንሱን ነው የምቀይረው።

አቀማመጡም ዋጋ አለው። ካሜራው የፀሐይ መውጫንና መግቢያን ፊት ለፊት አይመልከት። ሲመሽ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንጸባረቀው ብርቱካንማ ብርሃን ነበልባል ይመስላል፣ ሶፍትዌሩም ያምነዋል። ከጭሱ ጀርባ የጠቆረ ነገር፣ ለምሳሌ ግድግዳ ወይም የዛፍ ጥላ፣ ቢኖር ይመረጣል። ነጭ ጭስ በነጭ ሰማይ ላይ አይታይም። ምሰሶው በነፋስ የሚወዛወዝ ከሆነ ካሜራውን ከግድግዳ ጋር እሰሩት።

ለሌሊት ደግሞ መብራት ያስፈልጋል። ካሜራው በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን፣ ሲሠራ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ነበልባሉ ቀለሙን ያጣና የመኪና መብራት ይመስላል። ነጭ አምፖል ከካሜራው ራቅ አድርጋችሁ በጎን ብትሰቅሉ ካሜራው በቀለም መሥራቱን ይቀጥላል፣ ጭሱም ይታያል። ካሜራው ላይ ያለው ኢንፍራሬድ መብራት ጉም ሲኖር መልሶ ሌንሱ ላይ ያበራና ምስሉን ነጭ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፦ ሶፍትዌርና ኮምፒውተር

እንደ አክሰን ዋንና ዜኦማ ያሉ የቪዲዮ ክትትል ሶፍትዌሮች የጭስና የእሳት መለያ አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ፈቃድ ይህን እንደሚያካትት በጽሑፍ ጠይቁ። ርካሹ ፈቃድ ብዙ ጊዜ እንቅስቃሴን ብቻ ነው የሚለየው። ፍሪጌት የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ጥሩም ነው። ነገር ግን አብሮት የሚመጣው ሞዴል ሰው፣ መኪናና እንስሳ እንጂ ጭስ አያውቅም። በጭስ የሠለጠነ ሌላ ሞዴል ማስገባት አለባችሁ፣ ያ ደግሞ ለጀማሪ አይመከርም።

የሜኑ ስሞች ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያሉ። አሠራሩ ግን አንድ ስለሆነ ቀጥሎ ያለውን በየትኛውም ላይ ታገኙታላችሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ ለሁለት ለሦስት ካሜራ ጥሩ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል) ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ የኤንቪዲያ ጂፒዩ (ምስል የሚያሰላ ካርድ) ያለው ይሻላል። ሁሉንም መለያ ካበራችሁ በኋላ የሲፒዩውን ጫና ተመልከቱ። ከ80 በመቶ በላይ ከሄደ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱን) መዝለል ይጀምራል፣ የዘለለው ፍሬም ላይ ጭስ ሊኖር ይችላል።

አራተኛ፦ ካሜራውን ማገናኘት

ሶፍትዌሩ ላይ ካሜራ ጨምር የሚለውን ክፈቱ። ካሜራው ኦንቪፍ (የተለያዩ ካሜራዎችና ሶፍትዌሮች የሚግባቡበት የጋራ ደንብ) የሚደግፍ ከሆነ ሶፍትዌሩ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ካልሆነ የአርቲኤስፒ አድራሻውን (ቪዲዮው በኔትወርክ የሚገኝበትን አድራሻ) በእጅ አስገቡ፣ የተለመደው ፖርት 554 ነው። የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ለካሜራው ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስጡት፣ አለበለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው ተቀይሮ ካሜራው ከሶፍትዌሩ ሊጠፋ ይችላል።

ለመለያው ሜይን ስትሪሙን (ሙሉ ጥራት ያለውን ቪዲዮ) ስጡ እንጂ ሰብ ስትሪሙን (የተቀነሰውን ቅጂ) አትስጡ። ሰብ ስትሪም ለሰው እንቅስቃሴ ይበቃል። ለቀጭን ጭስ ግን በጣም የታመቀ ነው፣ የጭሱ ስስ ጠርዝ በማመቂያው ይጠፋል።

አሁን ሰዓቱን አስተካክሉ። በዊንዶውስ ላይ የእኛ የሰዓት ክልል ናይሮቢ በሚል ስም ነው ያለው። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እዚያ 06:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን መርሐ ግብር ስታወጡ ይህን ከረሳችሁ ማስጠንቀቂያው ሌሊት ተዘግቶ ቀን ይበራል። ግድግዳ ላይ የሁለቱን ሰዓት ማነጻጸሪያ ለጥፉ።

አምስተኛ፦ መለያውን ማስተካከል

ጭስና እሳትን እንደ ሁለት የተለያዩ መለያዎች አብሩ። አንድ ላይ አትቀላቅሏቸው። ባሕርያቸው ይለያያል፣ የሚያስከትሉት እርምጃም ይለያያል።

ለእያንዳንዱ ሦስት ቁልፍ ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የእርግጠኝነት ገደብ ነው። ሞዴሉ ያየው ነገር ጭስ ስለመሆኑ ስንት በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ይናገር? ከመካከለኛው ጀምሩ። ከ50 በመቶ ዝቅ ብትሉ ስልካችሁ አያርፍም። ከ80 በላይ ብትሉ ደግሞ ጅምሩ ጭስ ያመልጣችኋል።

ሁለተኛው በየስንት ጊዜው እንደሚያይ ነው። ለጭስ በሰከንድ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ጭስ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። ለነበልባል በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት አድርጉት። አንዳንድ ሶፍትዌሮች የነበልባሉን መርገብገብ ይቆጥራሉ። እነሱ ከዚህ በጣም የበለጠ ፍሬም ስለሚፈልጉ የሶፍትዌሩን መመሪያ ተከተሉ።

ሦስተኛው፣ ለእኛ አገር ከሁሉም የሚበልጠው፣ ስንት ጊዜ በተከታታይ ካየ በኋላ እንደሚጮህ ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ እያየ 10 ተከታታይ ማረጋገጫ ብትጠይቁት፣ ጭሱ ለ10 ሰከንድ እዚያው መቆየት አለበት ማለት ነው። የአይሱዙ ጭስ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ይበተናል። የበጎቹ ትንፋሽም ይበተናል። ከድርቆሽ የሚነሳ ጭስ ግን አይበተንም፣ ይጨምራል። ስለዚህ የውሸት ጥሪ ሲበዛባችሁ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ የእርግጠኝነት ገደቡን አትንኩ። እስከ 15 ወይም 20 መሄድ ይቻላል። ለነበልባል ግን ከ5 አትለፉ። ደረቅ ጭድ ለማንም ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ጠብቁ። ሦስቱን ባንዴ የሚቀይር ሰው የቱ እንደሠራ አያውቅም።

ስድስተኛ፦ ክልልና ሰዓት

ያንን ካርታ አሁን አውጡ። ሶፍትዌሩ ላይ መለያው የሚያየውን ክልል በማውዝ መሳል ትችላላችሁ። ክምሩን፣ መጋዘኑን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን አስገቡ። የማድ ቤቱን ጭስ ማውጫ፣ የጎረቤትን ጣሪያና ሰማዩን አስወጡ። ክልሉን ስትስሉ ከክምሩ በላይ ሁለት ሦስት ሜትር ጨምሩ፣ ጭስ ወደ ላይ ነውና የሚሄደው።

ማድ ቤቱ ከክምሩ ጋር በአንድ ምስል ውስጥ ቢገባስ? በካሜራ ማዕዘን ካልተለዩ በሰዓት ለዩዋቸው። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት ቤተሰቡን ጠይቁ። ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ለዚያ ክልል ብቻ በዚያ ሰዓት ማረጋገጫውን ከፍ ያለ አድርጉት። ሙሉ በሙሉ አትዝጉት። ምድጃ በሚነድበት ሰዓት ፍም ተፈናጥሮ ጭድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የነበልባሉ መለያ ደግሞ በየትኛውም ሰዓት አይዘጋ።

በዓላትን አትርሱ። ነሐሴ 12 ማታ የቡሄ ችቦ አለ፣ መስከረም 16 ደመራ አለ። ደመራው በሶፍትዌሩ ካሌንደር ሴፕቴምበር 26 ነው፣ በአንዳንድ ዓመት 27። በእነዚህ ቀናት ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ቀላል ይመስላል፣ ግን ብልጭታ ከችቦ ወደ ክምር የሚበረው ያን ቀን ነው። ይልቅ ተጨማሪ ሰው አቁሙና ማስጠንቀቂያው ለእሱ ይድረስ።

ጉም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጣርማ በርና በደብረ ሲና አፋፍ ላይ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጉም ሲወርድ ምስሉ በሙሉ አንድ ላይ ይደበዝዛል። ጭስ ግን ከአንድ ቦታ ይነሳል። ብዙ ሶፍትዌሮች ካሜራ ተሸፈነ ወይም ምስሉ አልጠራም የሚል ሌላ መለያ አላቸው። እሱን አብሩትና መልእክቱን ለዘበኛው ላኩ፦ «ካሜራው አያይም፣ ክምሩን ዞረህ እይ» ይበለው። በጉም ውስጥ ካሜራ ላይ ከመታመን ሰው ማዞር ይሻላል።

እንደ ጓሳ ያለ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የሳር ምድር በካሜራ የሚጠብቅ ካለ አቀማመጡ ሌላ ነው። ርቀቱ ኪሎ ሜትሮች ነው፣ ጭሱ በምስሉ ላይ በጣም ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ረጅም ሌንስ፣ በየብዙ ሰከንዱ አንድ ምልከታና ብዙ ደቂቃ የሚቆይ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የደመና ጥላ ዋናው አሳሳች ነው።

ሰባተኛ፦ ጥሪው ሰው ጋ ይድረስ

ሶፍትዌሩ እሳቱን ቢያይና ማንም ባይሰማ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ቢያንስ ሁለት መንገድ ይኑራችሁ፣ አንደኛው ኢንተርኔት የማይፈልግ።

ኢንተርኔት ሲኖር ቴሌግራም ጥሩ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ቦትፋዘር የሚባለውን ፈልጋችሁ አዲስ ቦት (በራሱ መልእክት የሚልክ አካውንት) ፍጠሩ። የሚሰጣችሁን ረጅም ቁልፍ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገቡ። ቁልፉን ለማንም አታጋሩ። ከዚያ የቤተሰብና የዘበኛ ግሩፕ ክፈቱና ቦቱን አስገቡበት። መልእክቱ ፎቶ፣ የካሜራው ስምና ሰዓት ይኑረው። የካሜራውን ስም «ካሜራ 3» አትበሉት፣ «የታችኛው ድርቆሽ» በሉት። በእንቅልፍ ልብ ያለ ሰው ቁጥር አያስታውስም።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራው ሳይረን ነው። የካሜራው ወይም የሪከርደሩ (የቪዲዮ መቅጃው) የማንቂያ መውጫ ላይ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አገናኙት። ዘበኛው ቤት አጠገብ ስቀሉት እንጂ ቢሮ ውስጥ አይሁን።

ደረጃ አውጡ። ለጭስ፦ መጀመሪያ ፎቶው ለዘበኛውና ለባለቤቱ ይሂድ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማንም ካልመለሰ ሳይረኑ ይጩህ። ለነበልባል፦ ወዲያው ይጩህ። ቪዲዮው ደግሞ ጥሪው ከመምጣቱ በፊት ካለው 30 ሰከንድ ጀምሮ ይቀመጥ። እሳቱ ከየት እንደጀመረ የሚያሳየው ያ ነው።

መብራት የሚጠፋው ደግሞ አንዳንዴ በራሱ በእሳቱ ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩ 100 ዋት፣ ስዊቹ (ካሜራዎቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ከካሜራዎቹ ጋር 60፣ ራውተሩ 10 ቢወስድ ድምሩ 170 ዋት ነው። 100 አምፒር ሰዓት ያለው የ12 ቮልት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ተጠቀሙና የኢንቨርተሩን ብክነት ቀንሱ፣ 3 ሰዓት ገደማ ታገኛላችሁ። ራውተሩን መርሳት የተለመደ ነው፣ እሱም ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) ላይ ይሰካ።

ዘበኛውን ወይም ጋሼን ቁጭ አድርጋችሁ አስረዷቸው። ስልኩ ሲጮህ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ማን ይጠራል? ውኃውና ማጥፊያው የት ነው? የከተማውን የእሳት አደጋ ስልክ በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ።

ስምንተኛ፦ ፈትኑት

በስልክ ላይ የእሳት ቪዲዮ ከፍታችሁ ለካሜራው ማሳየት ጥሪው ስልካችሁ ጋ መድረሱን ብቻ ይፈትናል። ካሜራው እውነተኛ ጭስ በእውነተኛ ርቀት ማየቱን አይፈትንም።

ለትክክለኛው ሙከራ የተቆረጠ በርሜል ከክምሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ግን በክልሉ ውስጥ፣ ነፋስ ጸጥ ሲል አስቀምጡ። ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። ሁለት ባልዲ ውኃና ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ትንሽ እርጥበት ያለው ጭድ እፍኝ አድርጋችሁ ለኩሱት፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ይሰጣል። ጭሱ ከታየበት ጀምሮ ስልኩ እስኪጮህ ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከሆነ ወደ አምስተኛው ተመለሱ። ይህንኑ በቀትር፣ ሲመሽና ሌሊት ድገሙት። ሌሊት ከቀኑ ዘግይቶ ከጮኸ ወይም ካልጮኸ መብራት ጨምሩ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ይኑራችሁ። የውሸት ጥሪ በመጣ ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፉ፦ ብየዳ፣ ቆርቆሮ፣ አቧራ፣ ጎረቤት። ጥቂት ሳምንት ሲሞላው ደብተሩ ራሱ የትኛው ክልል መጥበብ እንዳለበት ይነግራችኋል። ዘበኛው በውሸት ጥሪ ተሰላችቶ ስልኩን ድምፅ አልባ ካደረገ የተሠራው ሁሉ ገደል ገባ፣ ስለዚህ ይህን ሥራ አታዘግዩት።

ሌንሱን በየወሩ ጥረጉ። ሸረሪት ኢንፍራሬዱ ጋ ድር ትሠራለች፣ ድሩም ሌሊት ላይ ነጭ ጭስ ይመስላል። ክምሩ ሲነሳ ወይም አዲስ ሲከመር ክልሉን እንደገና ሳሉ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በጥቅምት አዲስ ድርቆሽ ስትከምሩ ደግሞ እርጥበት ካለው ከውስጥ ይግላል፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣም ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የብረት ዘንግ ወደ መሃል ከትታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩና አውጥታችሁ ንኩት። በእጅ መያዝ ካቃተ ክምሩን ለብቻችሁ አትናዱት፣ አየር ሲገባበት ሊነድ ይችላል። ውኃና ሰው አዘጋጅታችሁ እሳት አደጋ ጥሩ።